አዲሱን ሽንት ቤት ራሴ ልግጠመው? ሲሚንቶስ ልጠቀም?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የቤታችን ሽንት ቤት ሲቀመጡበት ይነቃነቃል። ከሥሩ ውሃ ያነባል፣ ጠዋት ጠዋትም ይሸታል። አዲስ ልገዛ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ሳልጠራ ራሴ ብገጥመው ይሆንልኛል? ወንድሜ ደግሞ ‹በሲሚንቶ አጣብቂው፣ ንቅንቅ አይልም› ይለኛል። እውነቱን ነው?»

እህቴ፣ ይሆንልሻል። ሲሚንቶውን ግን እርሺው። ወንድምሽ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሲደረግ ያየውን ነው የነገረሽ፣ ባለሙያ ነኝ የሚሉም ዛሬም ያደርጉታል። ለምን እንደማይሆን እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ሽንት ቤት መግጠም ከባድ ሥራ አይደለም። ኤሌክትሪክ የለው፣ ብየዳ የለው፤ ያለው ውሃ የሚገባበት አንድ ቀጭን መስመርና ቆሻሻ የሚወጣበት አንድ ወፍራም ቱቦ ነው። ሰው የሚበላሽበት ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ ሳይለኩ መግዛት ነው። ሌላው ሳህኑ ከወለሉ ቱቦ ጋር የሚገናኝበት መጋጠሚያ ነው። የቀረው ጓንትና ትዕግሥት ነው። እኔም እዚህ ሁለቱ ላይ ረዘም እላለሁ፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ። የምንቀመጥበትን የታችኛውን ሸክላ ሳህን፣ ከኋላ ውሃ የሚይዘውን ደግሞ ታንከር እያልኩ ነው የምቀጥለው።

አሁን ያለሽ ችግር ከየት እንደመጣ ላስረዳሽ። ሳህኑ ሥር ከወለሉ ቱቦ ጋር የሚያገናኘው ቀለበት አለ። ከሰም ወይም ከጎማ ነው የሚሠራው። ውሃውንም ሽታውንም የሚያፍነው እሱ ነው። ሳህኑ በተነቃነቀ ቁጥር ቀለበቱ እየተጨፈለቀ ይሄዳል። ሰም ደግሞ ተመልሶ አይነሳም፤ አንዴ ከተጫነ እንደተጫነ ይቀራል። ስለዚህ ቀጭን ክፍተት ይፈጠራል። ውሃ በለቀቃችሁ ቁጥር ጥቂት በዚያ ክፍተት ሾልኮ ይወጣል፣ በቀረው ሰዓት ደግሞ የቱቦው ጋዝ ይወጣል። ያ የተበላሸ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ሜቴንም አብሮት ሊኖር ይችላል፤ እሱ አይሸትም ግን ይቀጣጠላል። ስለዚህ ቱቦው ክፍት ሆኖ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገብሽ አይኑር።

በደህናው ጊዜ ጋዙን የሚያግደው ሳህኑ ውስጥ ሁልጊዜ የቆመው ውሃ ነው። ሲፎን የምንለው ውሃው የሚቆምበትን ጠመዝማዛ ክፍል ነው። ከበስተጀርባው ያለውን አየር ለመዝጋት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ያስፈልገዋል። ይህን ያነሳሁት ሽታ ሁሉ ከቀለበቱ ነው ብለሽ እንዳትደመድሚ ነው። ብዙ ጊዜ የማትጠቀሙበት የሻወር መውረጃ ካለ ውሃው ተንኖ ደርቆ ሊሆን ይችላል። አንድ ጆግ ውሃ ጨምሪበትና እዪው። ሽታው ከጠፋ ጥፋተኛው እሱ ነበር። ያንቺ ግን ይነቃነቃል፣ ያነባልም ካልሽ ቀለበቱ ሄዷል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ከመግዛትሽ በፊት ፈትሺ። ውሃ ስትለቂ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው? ሻወሩ መውረጃ ላይ ጉርግር የሚል ድምፅ ይሰማሻል? ከሆነ ችግሩ ሽንት ቤቱ ሳይሆን ከሱ በታች ያለው መስመር ወይም የአየር ማስወጫው ቱቦ ነው። እሱ ሳይጸዳ አዲስ ሳህን ብትገጥሚ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው የሚሆንብሽ። ያው ችግር በአዲስ ሸክላ ይቀጥላል።

እሺ፣ ልኬት። ሜትር ያዢና ግቢ።

መጀመሪያ ቆሻሻው በየት በኩል እንደሚወጣ እዪ። ከሳህኑ ጀርባ ወጥቶ ግድግዳ ውስጥ የሚገባ ቱቦ ካለ መውጫሽ የግድግዳ ነው። ምንም ቱቦ የማይታይሽ ከሆነ ቁልቁል ወደ ወለል ነው። የግድግዳ መውጫ ያለውን ሳህን በክርን ቱቦ አዙሮ ወደ ወለል ማስገባት ይቻላል። የወለሉን ወደ ግድግዳ ማዞር ግን አይሆንም፣ ውሃ ሽቅብ አይሄድማ። ሱቅ ውስጥ ቆንጆ ስለሆነ ብቻ የተገዛ ስንት ሳህን እዚህ ጋ ተሰናክሎ ተመልሷል መሰለሽ።

የወለል ከሆነ ከግድግዳው እስከ ቱቦው መሃል ያለውን ርቀት ትለኪያለሽ። ከግድግዳው ስል ከሴራሚኩ ፊት ነው እንጂ ከዞኮሎው (ግድግዳው ሥር ከተለጠፈው ጠርዝ) አይደለም። አሮጌው ስላልተነሳ ቱቦውን ማየት አትችይም። ሳህኑን ወለሉ ላይ የያዙት ብሎኖች ግራና ቀኝ አንድ አንድ ከሆኑ ግን ብዙ ጊዜ የቱቦው መሃል በነሱ መስመር ላይ ነው። አራት ብሎን ካለው ከኋለኞቹ ለኪ። በብዛት የምታገኚው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ 25 እና 35 የሆኑም አሉ። ልኬቱ ለምን እንዲህ ያስጨንቃል? ለ30 የተሠራ ሳህን 25 ላይ ልታስቀምጪ ብትሞክሪ ታንከሩ ግድግዳውን ይመታል፣ አይገባም፣ አለቀ። ለ25 የተሠራው 30 ላይ ይገባል፣ ከጀርባው ግን ክፍት ቦታ ይቀራል፣ ታንከሩም ድጋፍ አጥቶ ይቆማል። ርቀቱን የሚያስተካክሉ የተንጋደዱ ማገናኛዎች ይሸጣሉ፤ ሌላ መፍትሔ ሲጠፋ ብቻ ነው የምመክራቸው፤ መንገዱን ያጠቡታልና።

የግድግዳ ከሆነ ደግሞ ከወለሉ እስከ ቱቦው መሃል ያለውን ከፍታ ነው የምትለኪው። ብዙ ሳህኖች ለ18 ሴንቲ ሜትር ነው የሚሠሩት። ወለሉ ላይ ሴራሚክ ተደርቦ ከሆነ ቁጥሩ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ከሳህኑ መሃል እስከ ጎን ግድግዳ ቢያንስ 38 ሴንቲ፣ ከፊት ደግሞ ከ53 ሴንቲ ያላነሰ ቦታ መኖሩን እዪ። ጉልበትሽ በሩን እየገፋ መቀመጥ ደስ አይልም።

ስለ ውሃ አጠቃቀም ብዙ አልልም። ሁለት ቁልፍ ያለው፣ ትንሹ 3 ትልቁ 6 ሊትር የሚለቅ ታንከር ካገኘሽ ግዢው። የድሮዎቹ በአንዴ 9 እና ከዚያም በላይ የሚለቁ አሉ። ልዩነቱ ወር ሲያልቅ ይታወቅሻል።

ሳህኑን ስትገዢ ካርቶኑን እዚያው አስከፍተሽ ሥሩን እዪ። ሸክላ በእሳት ሲያልፍ ይጣመማል። ጥቂት መጣመም የተለመደ ነው፤ ጠፍጣፋ ወለል ላይ አስቀምጠሽ እንደ ሮኪንግ ወንበር የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ሌላ አምጡልኝ በይ። በጥፍርሽ ዳርና ዳሩን ኳ ኳ አድርጊው። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠሽ ደህና ነው። የታፈነና የተሰነጠቀ ድምፅ ካለው ተዪው።

ከሱቅ አብረሽ የምታመጪው ይህ ነው፦ አዲስ ቀለበት (ሳህኑ የግድግዳ ከሆነ የጎማ ማገናኛ)፣ ብሎኖች ከነዳዶና ከነሮንዴላቸው፣ አዲስ ፍሌክሲብል (ውሃ ከግድግዳው ወደ ታንከሩ የሚወስደው ተጣጣፊ ቱቦ)፣ ቴፍሎን (ጥርስ ላይ የሚጠቀለለው ስስ ጥቅል)፣ ሻጋታ የሚከላከል ሲሊኮን፣ ትንንሽ የፕላስቲክ ሽብልቆች። ቤት ውስጥ ፒንሳ፣ የዳዶ ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ውሃ ልክ፣ ባልዲ፣ ስፖንጅና ያረጀ ፎጣ ይኑርሽ። አሮጌውን ፍሌክሲብል መልሼ ልጠቀም እንዳትዪ። የጎማው ዕድሜ ካለቀ ማታ ተኝታችሁ ነው የሚፈነዳው።

አሁን አሮጌውን እንንቀል። አንግል ቫልቩን፣ ማለትም ግድግዳው ላይ ያለውን የሽንት ቤቱን ውሃ መዝጊያ፣ ዝጊ። አልዞር ካለሽ በጉልበት አትታገዪው፤ ግድግዳው ውስጥ ከተሰበረ ጉድ ፈላ። ዋናውን የቤቱን መዝጊያ ዝጊና ቀጥዪ፣ ቫልቩንም በዚሁ አጋጣሚ ለውጪው። ከዚያ ውሃውን ልቀቂ፣ የታንከሩን ቁልፍ ይዘሽ ጨርሺው፣ የቀረውን በስፖንጅ አውጪ። ሳህኑ ውስጥ የቆመውንም በኩባያ ቅጂው። ይህን የሚዘል ሰው ሳህኑን ሲያነሳ እግሩ ላይ ያፈሰዋል። ምን እንደሚያፈስ መናገር አያሻኝም።

ፍሌክሲብሉን ፍቺ፣ ታንከሩን ከሳህኑ ለዪ፣ የወለሉን ብሎኖች ፍቺ። ዝገው አንፈታም ካሉ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ረጭተሽ ጠብቂ፤ እሱም ካልረዳ በሴጌቶ ቁረጫቸው። ከዚያ ሳህኑን ግራና ቀኝ ቀስ እያደረግሽ አላቂውና አንሺው። ከባድ ነው፣ ሙሉው ከ25 እስከ 45 ኪሎ ይደርሳል። ወንድምሽን ጥሪው፣ ሲሚንቶ ከሚያቦካ ይህን ይሸከምልሽ።

አሮጌው ራሱ በሲሚንቶ የተለጠፈ ከሆነ ሥራው ይረዝማል። በመሮና በመዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያልሽ ትፈለፍያለሽ፣ ብዙ ጊዜ ሳህኑ ይሰበራል። መነጽር አድርጊ፣ ወፍራም ጓንት ልበሺ፣ ከመምታትሽ በፊት ሳህኑን በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፍኚው። የሸክላ ስባሪ እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

ሳህኑ እንደተነሳ መጀመሪያ የምታደርጊው ቱቦውን በጨርቅ መድፈን ነው። ጨርቁን በገመድ እሠሪና የገመዱን ጫፍ ውጪ ከሆነ ነገር ጋር አያይዢው። ሁለት ጥቅም አለው። ጋዙ አይወጣም፣ ዳዶና የሸክላ ስባሪም አይገባም። ገመዱ ደግሞ ጨርቁን እንዳትረሺው ነው። ጨርቁ ውስጥ ቀርቶ አዲሱ ሳህን የተገጠመበት ቤት አለ፤ ለምን አይወርድም እያሉ ቀኑን ሙሉ ሲገፉት ይውላሉ።

አሮጌውን ሰም በፕላስቲክ መፋቂያ ጥረጊው፣ አንድ ጠብታ አይቅር። ከዚያ ፍላንጁን፣ ማለትም ቱቦው አፍ ላይ ያለውንና ብሎኖቹን የሚይዘውን ጠንካራ ክብ (የሰሙን ቀለበት አይደለም)፣ በደንብ እዪው። ተሰንጥቋል? ብሎኖቹን የሚይዘው ጎድጓዳ ተበልቷል? ከሆነ ከላዩ የሚታሰር የብረት መጠገኛ አለ። ከፍታውስ? ከተጠናቀቀው ወለል ጋር እኩል ወይም ግማሽ ሴንቲ ያህል ከፍ ቢል ጥሩ ነው። ወለሉ ላይ አዲስ ሴራሚክ ተደርቦ ፍላንጁ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ከሆነ ተራው ሰም አይደርስበትም። ማስረዘሚያ ቀለበት ደርቢበት ወይም ወፈር ያለውን ቀለበት ግዢ። እንደኔ ከሆነ ከሚነቃነቁት ግማሾቹ ታሪካቸው ከዚህ ይጀምራል። ሴራሚክ ያስገባው ሰው ሽንት ቤቱን መልሶ ሲያስቀምጥ ቁመቱ እንደተለወጠ ልብ አይልም።

አሁን ወደ ሲሚንቶው። ለምን አይሆንም? ሲሚንቶ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ አይለጠጥም፣ ሸክላውም አይለጠጥም። ሁለት ግትር ነገር ተጣብቆ ሰው ሲቀመጥበትና ሲነሳበት አንዱ መሰንጠቁ አይቀርም፤ የሚሰነጠቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ውዱ ነው። ሁለተኛው ነገር የባሰ ነው። ሲሚንቶ ማፍሰሱን አያቆመውም፣ ይደብቀዋል። ቀለበቱ ቢበላሽ ውሃው ወደ ውጭ መውጫ ሲያጣ ከሥር ይሰራጫል፣ አንቺ የምታውቂው የታችኛው ቤት ጣሪያ ሲበሰብስ ወይም ሴራሚኩ ሲነሳ ነው። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባል የለ። ሦስተኛው፣ አንድ ቀን ቱቦው ቢደፈን ሳህኑን ሳይሰብሩ ማንሳት አይቻልም። በሁለት ብሎን ብትይዢው ግን በጥቂት ደቂቃ ይነሳል።

ንቅንቁን የሚያጠፋው ታዲያ ምንድነው? ሽብልቅ። እዚህ ላይ ቀስ በይ፣ የሥራው ልብ ይኼ ነው።

ቀለበቱን ሳታስገቢ፣ ጨርቁም እንዳለ፣ አዲሱን ሳህን ባዶውን ቦታው ላይ አስቀምጪው። ታንከር የለበትም፣ ሳህን ብቻ። ውሃ ልኩን መጀመሪያ በወርድ፣ ቀጥሎ በቁመት አድርጊበት። ከዚያ በሁለት እጅሽ ዳሩን ይዘሽ ነቅንቂው። የሚወዛወዝ ከሆነ ክፍተቱ የት ጋ እንደሆነ ፈልጊ፤ አንድ ወረቀት ከሥሩ እያስገባሽ ብትዞሪ የሚገባበት ቦታ እሱ ነው። የፕላስቲክ ሽብልቁን እዚያ ጣል አድርጊ፣ ሳህኑ መወዛወዙን እስኪያቆም ድረስ በጣትሽ ግፊው። በመዶሻ አይደለም። የእንጨት ሽብልቅም አይሁን፣ ውሃ ሲነካው ይበሰብሳል። ካርቶን አጥፈው የሚያስገቡም አሉ፤ እነሱን ተያቸው።

ሳህኑ ቀጥ ብሎ ሲቆም ዙሪያውን ወለሉ ላይ በእርሳስ ወይም በወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርጊ። ሽብልቆቹ የት እንዳሉም ምልክት አድርጊ። አሁን አንሺውና ወደ ጎን አድርጊው። ይህን ባዶ ሙከራ የሚዘሉ ሰዎች ሰሙ ላይ ካስቀመጡ በኋላ ነው ሽብልቅ ፍለጋ የሚጀምሩት። ያኔ ሳህኑን ባነሱና ባወዛወዙ ቁጥር ሰሙ ይበላሻል።

ፍላንጅ ከሌለሽና ሳህኑ በቀጥታ ወለሉ ላይ በፊሸር (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ብሎኑን በሚይዘው ፕላስቲክ) የሚታሰር ከሆነ፣ የቀዳዳዎቹን ቦታ በዚሁ ሙከራ ላይ ምልክት አድርጊ። ሴራሚክ ስትበሺ ትራፓኖው እንዳይንሸራተት ወረቀት ፕላስተር ለጥፊበት፣ የሴራሚክ ጫፍ ተጠቀሚ፣ የመምቻውን ዘዴ አጥፊ። ሴራሚኩን ካለፍሽ በኋላ ኮንክሪቱ ላይ መምቻውን ማብራት ትችያለሽ። ከሥር የውሃ መስመር ወይም የወለል ማሞቂያ አለመኖሩን ግን አስቀድመሽ እርግጠኛ ሁኚ።

ሰም ወይስ ጎማ? ሁለቱም ይሠራሉ። ሰም የቆየና የተፈተነ ነው፣ ትንሽ ያልተስተካከለ ፍላንጅ ላይም ራሱን ያመቻቻል። ግን አንድ ዕድል ብቻ ነው ያለው፤ ከተጫነ በኋላ ሳህኑን ካነሳሽው ያ ሰም ለቆሻሻ ነው፣ አዲስ ትገዣለሽ። የጎማው ቀለበት ደጋግሞ ቢነሳም ችግር የለውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትገጥሚው አንቺ ጎማውን እመርጥልሻለሁ። ሰም ከወሰድሽ ደግሞ በጣም ቀዝቃዛ ቦታ ያደረ እንዳይሆን፤ የደረቀ ሰም አይጫንም።

ጨርቁን አውጪ። ደግሜ ልበል፣ ጨርቁን አውጪ።

ብሎኖቹን ፍላንጁ ላይ ቀጥ አድርገሽ አቁሚ፣ ቀለበቱን አስቀምጪ። ሁለቱ ብሎኖች ላይ የመጠጫ ስትሮው ብትሰኪባቸው ሳህኑን ስታወርጂ ቀዳዳዎቹ የት እንዳሉ ከላይ ይታይሻል። እንደ ቀልድ ይመስላል፣ ግን ያንን ሁሉ ኪሎ ተሸክሞ በጎን እያዩ ቀዳዳ ከመፈለግ ያድናል። ሁለት ሆናችሁ ሳህኑን ቀጥታ ከላይ ወደ ታች አውርዱት። ወዲያና ወዲህ አይዞርም፣ አይንሸራተትም። ሰሙን ከነካ በኋላ ቀስ ብለሽ ተቀመጪበት፣ ክብደትሽ ይጫነው። ወለሉን እስኪነካና ምልክቶቹ ላይ እስኪያርፍ ድረስ። ሽብልቆቹን ወደ ቦታቸው መልሺ።

ብሎኖቹን ስታጠብቂ አንዱን ጨርሰሽ ወደ ሌላው አትሂጂ። ትንሽ ግራ፣ ትንሽ ቀኝ፣ ትንሽ ግራ። በእጅሽ ከያዘ በኋላ በቁልፍ ግማሽ ዙር ገደማ፣ ከዚያ ሳህኑን ነቅንቂው። ካልተነቃነቀ በቃ። ‹ለማንኛውም አንድ ጊዜ ልጨምርለት› የምትለዋ ሐሳብ ናት ሳህን የምትሰነጥቀው። ሸክላ አያስጠነቅቅም፤ ቀጭ ይላል፣ አለቀ።

መውጫሽ የግድግዳ ከሆነ ይህ ሁሉ ይቀልሻል። የጎማ ማገናኛውን መጀመሪያ ሳህኑ ጀርባ ላይ አስገቢ፣ ጎማውን በፈሳሽ ሳሙና አለስልሺ፣ ሳህኑን ወደ ግድግዳው ግፊና ቱቦው ውስጥ አስገቢው። ቀጥ ያለው ማገናኛ የሚሆን ከሆነ እንደ አኮርዲዮን የሚለጠጠውን አትግዢ። የሱ ሽብሽቦች ውስጥ ወረቀትና ቆሻሻ ይይዛል። ባዶ ሙከራው፣ ሽብልቁና የብሎን አጠባበቁ ያው ነው።

ታንከሩ ቀላል ነው። በታንከሩ ሥር ያለውን ትልቁን ጎማ አስገቢ፣ ሳህኑ ላይ ቀጥ አድርገሽ አስቀምጪ፣ ሁለቱን ብሎኖች እንደ ቅድሙ እያፈራረቅሽ አጥብቂ። የጎማ ሮንዴላው ከታንከሩ ውስጠኛ በኩል፣ ከብሎኑ ራስ ሥር ነው የሚቀመጠው። ከውጭ ካደረግሽው ያንጠባጥባል።

ፍሌክሲብሉን ከመሰካትሽ በፊት ባልዲ ከቫልቩ ሥር ያዢና ለጥቂት ሰከንድ ውሃ ልቀቂ። መስመሩ ውስጥ የተጠራቀመው ዝገትና አሸዋ ይውጣ፤ ካልወጣ አዲሱ የታንከር ቫልቭ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሽሽሽ ሲል ይውላል። የፍሌክሲብሉ ጫፍ የራሱ ጎማ ካለው ቴፍሎን አያስፈልገውም። ቴፍሎን የሚያስፈልገው ቫልቩ ግድግዳው ውስጥ የሚገባበት ጥርስ ላይ ነው፣ እሱም ጥርሱ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ይጠቀለላል። የታንከሩ በኩል ያለው ዳዶ ፕላስቲክ ነው። በእጅ አጥብቂው፣ ቢያንጠባጥብ ብቻ በቁልፍ ጥቂት ጨምሪ።

ቫልቩን ቀስ ብለሽ ክፈቺ። ታንከሩ ሲሞላ ውሃው ከመትረፊያው ቱቦ (ታንከሩ ውስጥ ቆሞ ትርፍ ውሃ ከሚያወርደው) አፍ 2 ሴንቲ ተኩል ያህል ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ከፍ ካለ ተንሳፋፊውን አውርጂው።

አሁን ፍተሻ። ደረቅ ሶፍት ወስደሽ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ንኪው፤ ዓይን የማያየውን እርጥበት ሶፍት ያሳይሻል። የታንከሩን ብሎኖች፣ የፍሌክሲብሉን ሁለት ጫፎች፣ የሳህኑን ዙሪያ። ውሃውን ደጋግመሽ ልቀቂ፣ ከወረቀት ጋርም ያለ ወረቀትም። ከዚያ ታንከሩ ውስጥ የምግብ ቀለም ጨምሪና ግማሽ ሰዓት ያህል ማንም ሳይጠቀምበት ይቆይ። ቀለሙ ሳህኑ ውስጥ ከታየ ታንከሩ በዝምታ እያፈሰሰ ነው። የመዝጊያውን ጎማ አስተካክዪው።

ሲሊኮኑን ዛሬ አትቸኩዪበት። ጥቂት ቀን ተጠቀሙበት፣ ሥሩ ደረቅ መሆኑን እዪ፣ ብሎኖቹንም በእጅሽ ፈትሺ። ሰሙ ሲረጋ ትንሽ ሊላሉ ይችላሉ፣ ያኔ ጥቂት አጥብቂ። ከወለሉ ወጥቶ የሚታየውን የሽብልቅ ጫፍ ቁረጪና ሲሊኮኑን ከፊትና ከጎን አድርጊ፤ ከጀርባ በኩል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዪ። ሰው ‹ለምን አልጨረስሽውም› ይልሻል። አንድ ቀን ቀለበቱ ቢያፈስ ውሃው በዚያ በኩል ወጥቶ ይነግርሻል። ዙሪያውን ብትዘጊው ሲሚንቶውን በሌላ ስም አደረግሽው ማለት ነው። ሲሊኮኑ በደንብ እስኪደርቅ አንድ ቀን ያህል ስጪው።

ሠራተኛ የምትጠሪው መቼ ነው? ሽንት ቤቱን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ከፈለግሽ። ይህ ቱቦ መቅበርና ተዳፋት መስጠት አለበት፣ በ1 ሜትር 2 ሴንቲ ያህል፣ ቀልድ የለውም። ሳህኑ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል፣ ታንከሩ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ከሆነም ጥሪ። ወለሉ ውስጥ ያለው ቱቦ ራሱ ተሰብሮ ካገኘሽው፣ ወይም የፎቅ ቤት ሆኖ የጋራ መስመር ላይ የሆነ ነገር ከተጠራጠርሽ፣ ጨርቅሽን ድፈኚና ስልክሽን አንሺ። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት አከራይሽን አነጋግሪ። አሮጌውን ሳህን ማን እንደሚጥለውም አብራችሁ ተነጋገሩ።